ነገር ሁለት ሆኖ ሲታይ፦ ለዓይን ጡንቻ ቀዶ ሕክምና የሚዘጋጅ ሰው ማወቅ ያለበት

ቀኝ ዓይንዎን በመዳፍዎ ይሸፍኑና ራቅ ያለ የመብራት ምሰሶ ይመልከቱ። ከዚያ ግራውን ሸፍነው በቀኙ ይድገሙት። የትኛውንም ዓይን ሲሸፍኑ ምሰሶው አንድ ሆኖ፣ ሁለቱንም ሲገልጡ ግን ሁለት ከሆነ፣ ዓይኖችዎ አንድ ቦታ ላይ አብረው እያነጣጠሩ አይደለም ማለት ነው። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው እንዲህ ያለውን ሰው ነው። አንዱን ዓይን ሸፍነውም በሌላው ብቻ ነገር ተደርቦ የሚታይዎት ከሆነ ግን ጉዳዩ የጡንቻ አይደለም። ብዙ ጊዜ የዓይን ሞራ፣ የመነጽር ቁጥር ለውጥ ወይም ኮርኒያ በሚባለው ብርሃን አሳላፊ የዓይን የፊት ሽፋን ላይ ያለ ጠባሳ ነው፤ ለዚያ መፍትሔው ሌላ ነው።

እያንዳንዱን ዓይን የሚያንቀሳቅሱት ስድስት ጡንቻዎች ናቸው። ትእዛዝ የሚደርሳቸው ከአንጎል በሚመጡ ሦስት ነርቮች ነው፤ ሐኪሞች ሦስተኛው፣ አራተኛውና ስድስተኛው ይሏቸዋል። የትኛው እንደደከመ ከመለኪያው በፊት የሚናገረው የዕለት ኑሮ ነው፤ ስለዚህ ሐኪም ፊት ከመቅረብዎ በፊት ምን ሲሠሩ እንደሚብስብዎት ልብ ይበሉ።

ስድስተኛው ነርቭ የሚያዘው ዓይንን ወደ ጆሮ በኩል የሚስበውን ጡንቻ ነው። እሱ ሲደክም ዓይኑ ወደ አፍንጫ ይገባል፣ ሁለቱ ምስሎች ጎን ለጎን ይቆማሉ፣ ሩቅ ሲያዩ ይብሳል። መርፌ ላይ ክር ሲያስገባ ምንም ያልተቸገረ ሰው ከደጃፉ ወጥቶ መንገዱን ሲያይ በቅሎዋ ሁለት ትሆንበታለች። ወደ ደከመው ወገን ሲያይ በምስሎቹ መካከል ያለው ርቀት ይሰፋል፤ እንዳይሰፋበት ፊቱን ወደዚያው ወገን አዙሮ መሄድ ይለምዳል።

አራተኛው ሲደክም ምስሎቹ ከላይና ከታች ይሆናሉ፣ አንዱም ትንሽ ዘመም ይላል። የሚብሰው ወደ ታች ሲያዩ ነው፤ ሰፌድ ላይ ምስር ሲለቅሙ፣ ደረጃ ሲወርዱ፣ እርፍ ጨብጠው ትልሙን ሲከተሉ። ይህ ሰው ራሱን ወደ ጤነኛው ዓይን ትከሻ ያዘነብላል። እዚህ ላይ አንድ ቀላል ነገር ብዙ ድካም ያድናል፦ የድሮ ፎቶዎችዎን ይዘው ይሂዱ። የትምህርት ቤት መታወቂያ፣ የሠርግ ፎቶ፣ የቀበሌ መታወቂያ። በልጅነት ፎቶ ላይም ራስዎ ወደዚያው ትከሻ ካዘነበለ፣ ድካሙ አብሮዎት የተወለደና አሁን ዕድሜ ሲገፋ የተገለጠ ሊሆን ይችላል፤ ሐኪሙም አዲስ በሽታ ፍለጋ ከመሄዱ በፊት ይህን ማወቅ ይኖርበታል።

ሦስተኛው ነርቭ ብዙ ጡንቻዎችን ስለሚያዝ ጉዳቱም ሰፊ ነው። የዓይን ቆብ ይወድቃል፣ ዓይኑ ወደ ውጭና ወደ ታች ይሄዳል፣ አንዳንዴም ብሌኑ ይሰፋል።

ቀጠሮ የማይጠብቁ ምልክቶች አሉ። ቆቡ በድንገት ወድቆ የዚያ ዓይን ብሌን ከሌላው ሰፍቶ ከታየ፣ በተለይ ከከባድ ራስ ምታት ጋር፣ አንጎል ውስጥ ያበጠ የደም ሥር ነርቩን እየተጫነው ሊሆን ስለሚችል በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል። ምላስ መተሳሰር፣ የአንድ ወገን እጅ ወይም እግር መድከም፣ ምግብ መዋጥ ወይም መተንፈስ መቸገር፣ ትኩሳት ከማጅራት መገተር ጋር፣ ጭንቅላት ከተመታ በኋላ የመጣ ሁለት ማየት፣ እየባሰ የሚሄድ ራስ ምታትና ማስመለስ፤ እነዚህም እንዲሁ ናቸው። ዕድሜው ከ50 ዓመት በላይ የሆነ ሰው ነገር ሁለት ሆኖ እየታየው ግንባሩና ጆሮ ግንዱ አካባቢ ካመመው፣ ሲያኝክም መንጋጋው ከደከመ፣ እሱም ሳያድር ይታይ፤ ዓይን የሚያሳጣ የደም ሥር ብግነት ሊሆን ይችላል።

ቀዶ ሕክምና ከመታሰቡ በፊት ሁለት በሽታዎች መለየት አለባቸው፤ ሳይለዩ ቢላዋ ማንሳት ስሕተት ነው። አንደኛው ማያስቴኒያ ግራቪስ ነው፤ ጡንቻ ሲሠራበት ቶሎ የሚዝልበት በሽታ ነው። ጠዋት ደህና የነበረው ሰው ወደ ማታ ቆቡ ይወድቃል፣ ነገሩም ሁለት ይሆንበታል፤ ሲያርፍ ይመለሳል። ሐኪሙ በንጹሕ ጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ በተዘጋው ቆብ ላይ 2 ደቂቃ ያህል ያስቀምጣል፤ ቆቡ ከፍ ካለ ጥርጣሬው ይጠነክራል። የዚህ መድኃኒቱ በአፍ የሚወሰድ ነው፤ ዓይኑ በየቀኑ የሚለዋወጥ ስለሆነ ዛሬ ተለክቶ የተሠራ ቀዶ ሕክምና ነገ ልኩን ይስታል። ሁለተኛው የእንቅርት ዕጢ በሽታ ነው። በዚህኛው ጡንቻው ደክሞ ሳይሆን አብጦና ደርቆ ዓይኑን ጎትቶ ይይዘዋል፤ ብዙ ጊዜም ዓይኖቹ ፈጠጥ ይላሉ። ልዩነቱን ለማወቅ ሐኪሙ የሚያደነዝዝ ጠብታ ጨምሮ ዓይኑን በቀጭን ወረንጦ ይዞ በእጁ ያንቀሳቅሰዋል። በነጻነት ከተንቀሳቀሰ የደከመ ጡንቻ ነው፤ እንቢ ካለ የተያዘ ነው።

ከዚህ ሌላ የደም ስኳርና የደም ግፊት መለካት ግዴታ ነው፤ እንደ ሁኔታው ሲቲ ስካን ወይም ኤምአርአይ ይታዘዛል።

ብዙ ሰው የሚበሳጨው በመጠበቁ ነው። በስኳርና በግፊት ምክንያት ነርቩን የሚመግበው ትንሽ የደም ሥር ሲዘጋ የሚመጣው ድካም አብዛኛውን ጊዜ በ3 ወር ገደማ ራሱ ይመለሳል። በአደጋ የመጣው ከ6 ወር እስከ ዓመት ሊወስድ ይችላል። ነርቩ እየተመለሰ ሳለ ጡንቻ ቢቆረጥ፣ ነርቩ ሲነቃ ዓይኑ ወደ ተቃራኒው ወገን ያልፋል። ስለዚህ ደንቡ ቢያንስ 6 ወር መጠበቅና ዓይኑ ከመስመሩ የወጣበት መጠን በተለያየ ቀጠሮ ተለክቶ አንድ ዓይነት ሆኖ መገኘቱ ነው። «ዶክተር፣ ቶሎ ይሥሩልኝና ወደ እርሻዬ ልመለስ» ለሚል ሰው እውነተኛው መልስ ይኸው ነው። ጥበቃውም ሕክምና ነው።

በዚህ መሀል እንዴት ይኖራል? መነጽር ያለው ሰው አንዱን መስታወት በነጣ ባለ ፕላስተር ቢሸፍነው ሁለተኛው ምስል ይጠፋል። ለአዋቂ የትኛውም ዓይን ቢሸፈን ጉዳት የለውም፣ ማፈራረቅም ይቻላል። ከ8 ዓመት በታች ያለ ልጅ ግን ያለ ሐኪም ትእዛዝ ዓይኑ አይሸፈን፤ የተሸፈነው ዓይን ማየትን ሊረሳ ይችላል። በአንድ ዓይን ሲታይ የርቀት ግምት ይበላሻል፤ ባጃጅ መንዳት፣ ጣራ ላይ መውጣት፣ መጥረቢያ ማንሳት ይቅር። ቡና ሲቀዱ ከፍ አድርጎ ማንቆርቆሩን ትተው የጀበናውን አፍ የሲኒው ጠርዝ ላይ አስነክተው ይቅዱ። አውቶቡስ የዓባይን በረሃ ጠመዝማዛ ሲወርድ ማቅለሽለሹ ይብሳል፤ ከፊት ወንበር ተቀምጦ አንድ ዓይን ሸፍኖ ሩቅ ማየት ያግዛል።

ፕሪዝም የሚባለው መስታወት ምስሉን አዙሮ ከሌላው ጋር ያገጣጥመዋል። ልኬቱ ፕሪዝም ዳይኦፕተር ይባላል፤ 1 ዳይኦፕተር ማለት በ1 ሜትር ርቀት ላይ ምስሉን 1 ሴንቲ ሜትር የሚያንቀሳቅስ ነው። ልኬትዎ 20 ከሆነ በ6 ሜትር ላይ ያለ ሰው ሁለተኛው ምስሉ 1 ሜትር ከ20 ራቅ ብሎ ይቆማል ማለት ነው። ትንሽ ልኬት መነጽር ውስጥ ተሠርቶ ይገባል፤ ትልቅ ከሆነ ግን መስታወቱ ስለሚወፍርና ስለሚከብድ፣ ስስ ፕላስቲክ ሆኖ መነጽር ላይ የሚለጠፍ ዓይነት አለ። በፕሪዝም ተመችቶት የሚኖር ሰው ቀዶ ሕክምና ላያስፈልገው ይችላል። ሌላው ቦቱሊነም የሚባለው ጡንቻ የሚያላላ መድኃኒት ነው፤ በደከመው ጡንቻ አንጻር ያለው ጠንካራው ጡንቻ ላይ በመርፌ ተሰጥቶ ለ3 ወር ገደማ ያለሰልሰዋል።

የዓይን እንቅስቃሴ ልምምድ ነርቩ የሞተበትን ጡንቻ አያጠነክርም። ቅጠል ጨምቆ ዓይን ውስጥ መጨመር ደግሞ ኮርኒያን ያቆስላል፤ ጡንቻዎቹ ያሉት ከዓይኑ ኳስ ውጭ ስለሆነ ጭማቂው አጠገባቸውም አይደርስም።

ወደ ማን ይኬዳል? ከጤና ጣቢያ ተነሥቶ በሪፈር ወረቀት ወደ ሆስፒታል ነው። በጎጃም ምድር ደብረ ማርቆስ፣ ባሕር ዳር ላይ ደግሞ ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን ትልልቆቹ ሆስፒታሎች ናቸው። ለዚህ ሥራ የሚፈለገው የዓይን ሐኪም ሆኖ በተጨማሪ በልጆች ዓይንና በመንሸዋረር ሕክምና የሠለጠነ ሰብ ስፔሻሊስት ነው፤ በሚሄዱበት ቀን መኖሩን በስልክ ያረጋግጡ። ከሌለ ሪፈሩ ወደ ጎንደር ወይም አዲስ አበባ ወደ ዳግማዊ ምኒልክ ይጻፋል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ያለው ሰው የሪፈሩን ሰንሰለት ሳይዘል ይሂድ፤ ወረቀቱም ላይ «የዓይን መንሸዋረር» ብቻ ሳይሆን «ነገር ሁለት ሆኖ ይታየዋል» ተብሎ ይጻፍ። የመልክ ማሳመሪያ ተደርጎ እንዳይቆጠር ይህች ዓረፍተ ነገር ዋጋ አላት።

አሁን ወደ ቀዶ ሕክምናው እንምጣ። ከሁሉ አስቀድሞ መታወቅ ያለበት፣ የደከመውን ጡንቻ የሚያነቃ ቀዶ ሕክምና የለም። የሚሠራው ሚዛን ማስተካከል ነው። የአዊ ፈረሰኛ ፈረሱን ቀጥ አድርጎ ለማስኬድ አንዱን ዛብ ያላላል፣ ሌላውን ይሰበስባል፤ ሐኪሙም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ጠንካራውን ጡንቻ ከተጣበቀበት ፈትቶ ወደ ኋላ ወስዶ ይሰፋዋል፤ ይላላል። ደካማውን ከጫፉ ጥቂት ሚሊ ሜትር ቆርጦ በቀድሞ ቦታው ይሰፋዋል፤ ይወጠራል።

ሥራው የሚጀምረው የዓይኑን ነጭ የሚሸፍነውን ስስ ሽፋን በትንሹ በመክፈት ነው። ዓይን ከጎድጓዳው አይወጣም፤ ይህን ፍርሃት ብዙ ሰው ይዞት ስለሚመጣ በግልጽ መነገር አለበት። ወደ አፍንጫ የሚስበው ጡንቻ በተፈጥሮው ዓይኑ ላይ የተጣበቀው ጥቁሩና ነጩ ከሚገናኙበት ጠርዝ 5.5 ሚሊ ሜትር ርቆ ነው፤ የታችኛው 6.5፣ ወደ ጆሮ የሚስበው 6.9፣ የላይኛው 7.7። ሐኪሙ ጡንቻውን በመንጠቆ ያነሣል፣ ከጫፉ ላይ ክር ያስገባል፣ ከዓይኑ ይለያል፣ በካሊፐር ለክቶ አዲሱ ቦታ ላይ ይሰፋል። ክሩ ብዙ ጊዜ 6-0 የሚባለው፣ በሁለት ወር ገደማ ራሱ የሚሟሟ ዓይነት ነው። ጡንቻው ዓይኑ ላይ ከተጣበቀበት ቦታ ኋላ ያለው የዓይን ግድግዳ ውፍረት 0.3 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ መርፌው በዚያ ውስጥ ጎን ለጎን ያልፋል እንጂ አይበሳውም። ሥራው ልምድ ያለው እጅ የሚፈልገው እዚህ ላይ ነው።

መጠኑ የሚወሰነው በልኬቱ ነው። ወደ አፍንጫ ለገባ ዓይን፣ የተለመደው ሰንጠረዥ ለ25 ዳይኦፕተር የውስጡን ጡንቻ 4 ሚሊ ሜትር ማላላትና የውጩን 6 ሚሊ ሜትር ማሳጠር ይላል፤ ለ35 ደግሞ 5 እና 8። ይሁን እንጂ ሰንጠረዡ የተሠራው ጤነኛ ነርቭ ላላቸው ጡንቻዎች ነው። ነርቩ የደከመበት ጡንቻ እንደ ሰንጠረዡ ስለማይመልስ ሐኪሙ ቁጥሩን በእያንዳንዱ ሰው ያስተካክላል፤ ውጤቱ አስቀድሞ በትክክል የማይታወቀውም ለዚህ ነው።

ስድስተኛው ነርቭ ሙሉ በሙሉ ከሞተ የውጩን ጡንቻ ማሳጠር ብቻውን አይበቃም፤ የሞተ ጡንቻ ቢወጠር ከጊዜ በኋላ ይላላል። ያኔ የላይኛውና የታችኛው ጡንቻ ሙሉ በሙሉ ወይም በከፊል ወደ ውጩ ጡንቻ አጠገብ ተዛውረው ይሰፋሉ፤ የእነሱ ጉልበት ዓይኑን ወደ መሀል ይይዘዋል። አራተኛው ሲሆን ብዙ ጊዜ የሚሠራው ከደከመው ጡንቻ አንጻር ያለውን የታችኛውን ገደድ ጡንቻ (ዓይኑን በአግድመት የሚይዘውን) ማላላት ነው፤ ምስሉ ብዙ ከዘመመ የላይኛው ገደድ ጡንቻ የፊት ክሮች ይወጠራሉ። ሦስተኛው ከሁሉም አስቸጋሪ ነው። ብዙ ጡንቻ አንድ ላይ ስለደከመ ዓይኑን ቀጥ ማድረግ ቢቻልም በሁሉም አቅጣጫ አንድ አድርጎ ማየት አይጠበቅም። ቆቡም ቶሎ አይነሣ፤ የወደቀው ቆብ ሁለተኛውን ምስል የሚከልል መጋረጃ ነው።

በአንድ ዓይን ላይ ከሁለት በላይ ቀጥ ጡንቻዎች (የውስጡ፣ የውጩ፣ የላይኛውና የታችኛው) በአንድ ጊዜ አለመቁረጥ የታወቀ ጥንቃቄ ነው። የዓይንን የፊት ክፍል የሚመግቡት የደም ሥሮች በነዚህ ጡንቻዎች ውስጥ ስለሚያልፉ ነው። ዕድሜው ለገፋ፣ ስኳር ወይም ግፊት ላለበት ሰው ጥንቃቄው ይበልጥ ይጠብቃል። ሥራው በሁለት ጊዜ ይከፈል ከተባለ ምክንያቱ ይህ ሊሆን ስለሚችል አይከፉ።

ፈቃድ ከመፈረምዎ በፊት አራት ነገር ይጠይቁ፦ «የትኛው ጡንቻ ነው የሚነካው? የትኛው ዓይን? በየትኛው አቅጣጫ ነው አንድ የማየው? ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልግ ይችላል?» አንዳንዴ የሚነካው ጤነኛው ዓይን ነው፤ ትክክልም ሊሆን ይችላል፣ ግን አስቀድመው ይወቁት። እውነተኛው ግብ ፊት ለፊትና ወደ ታች፣ ማለትም ለመሄድና ለማንበብ አንድ ማየት ነው። ዳር ዳር ሲያዩ ሁለት ማየቱ ሊቀር ይችላል። «ሁሉም ቦታ ይስተካከላል» የሚል ተስፋ ከተሰጠዎት ደግመው ይጠይቁ።

ለቀኑ ሲዘጋጁ መነጽርዎን አይርሱ፤ ያለ መነጽር የተለካ ልኬት ያሳስታል። አስፒሪን ወይም ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ይናገር እንጂ በራሱ አያቋርጥ። የስኳር መድኃኒት በባዶ ሆድ እንዴት እንደሚወሰድ አስቀድሞ ይጠየቅ። ኩል በደንብ ይታጠብ፤ ራስ ላይ ቅቤ አይቀባ፣ ቀልጦ ዓይን ውስጥ ይወርዳል። ጠንካራ ምግብ ከቀዶ ሕክምናው ቢያንስ 6 ሰዓት፣ ንጹሕ ውኃ 2 ሰዓት ቀድሞ ይቁም፤ ወተት እንደ ምግብ ይቆጠራል። ልጆች በሙሉ ሰመመን ይሠራሉ፤ አዋቂ በሙሉ ሰመመን ወይም ዓይኑ ዙሪያ በሚሰጥ ማደንዘዣ። ጡንቻው ሲጎተት የልብ ምት ሊቀንስ ይችላል፤ የሰመመን ባለሙያው የሚከታተለው ጉዳይ ነው፤ ሐኪሙ መጎተቱን ሲያቆም ይመለሳል። ስለዚህ ልብ ሕመም ካለ ይነገር።

ከተሠራ በኋላ ዓይኑ ቀይ ይሆናል፣ አሸዋ የገባበት ያህል ይቆረቁራል፣ ሲንቀሳቀስ ያማል። ቅላቱ ከሳምንታት በኋላ ይጠፋል። ጠብታው በታዘዘው ቁጥር ይጨመር፤ እጅ በሳሙና ታጥቦ፣ የታችኛው ቆብ ወደ ታች ተስቦ፣ የጠርሙሱ ጫፍ ዓይንም ጣትም ሳይነካ አንድ ጠብታ፣ ከዚያ አንድ ደቂቃ ያህል ዓይን ጨፍኖ መቆየት። ሁለት ዓይነት ጠብታ ካለ በመካከላቸው 5 ደቂቃ ይሁን። ስቴሮይድ ያለበት ጠብታ ከታዘዘው ቀን አይለፍ፤ የዓይን ግፊት ይጨምራል።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ከምድጃ ጭስና ከአውድማ ይራቁ። የጤፍ ውቂያ ወቅት ከሆነ ገለባው ትልቅ ጠላት ነው፤ ቀጠሮውን ከመኸር በኋላ ማድረግ የሚቻል ከሆነ ይሻላል። ፊት ላይ የወንዝም ሆነ የጠበል ውኃ እስከ አንድ ወር አይፍሰስ። ጠበል ለመጠጣትና ከአንገት በታች ለመጠመቅ ክልከላ የለም፤ ለአጥማቂው «አባቴ፣ ዓይኔ ተሰፍቷል» ማለት ይበቃል። ዓይን አይታሽ፤ ልጅ ከሆነ በሌሊት እንዳያሽ ጋቢው ውስጥ እጁን አለስልሶ መጠቅለል ይረዳል።

ማየት በድንገት ከቀነሰ፣ ሕመሙ እያደር ከጨመረ፣ ቆቡ ካበጠና መግል ከወጣ፣ ወይም ዓይኑ በአንድ ሌሊት ወደ አንድ ወገን ሄዶ ወደ ሌላው መዞር እንቢ ካለ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ይመለሱ። የመጨረሻው ምልክት ስፌቱ ተለቆ ጡንቻው እንደሸሸ ሊያመለክት ይችላል፤ ቶሎ ከተደረሰበት ይገኛል፣ ከዘገየ ፍለጋው ይከብዳል። ከቢቸና ወይም ከሞጣ ገጠር የመጣ ሰው ይህን አስቦ እስከ ሳምንቱ ምርመራ ድረስ ከተማ ዘመድ ቤት ቢሰነብት መልካም ነው።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሁለት ማየቱ አቅጣጫውን ቀይሮ ሊመጣ ይችላል። ይህ ሁልጊዜ ስሕተት አይደለም፤ እብጠቱ ሲወርድና አንጎል አዲሱን ሚዛን ሲለምድ ይለወጣል። ዋናው ልኬት የሚወሰደው ከ6 እስከ 8 ሳምንት ሲሆን ነው፤ በ3 ወሩ ይደገማል። ያኔ የቀረው 4 ወይም 6 ዳይኦፕተር ከሆነ መነጽር ውስጥ በሚገባ ፕሪዝም ይሞላል። ብዙ ከቀረ ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና ይታሰባል። ለሁለተኛው የሚያስፈልገው ደግሞ የመጀመሪያው ዝርዝር ነው፤ የትኛው ጡንቻ፣ ስንት ሚሊ ሜትር፣ በየትኛው ቀን። ከሆስፒታል ሲወጡ ይህን የያዘ ወረቀት ቅጂ ይጠይቁ፣ ከጤና መድን ደብተርዎ ጋር በላስቲክ ጠቅልለው ያስቀምጡት።